የአልኮል ሱስን ለመላቀቅ የድጋፍ ቡድን ማግኘትና መሳተፍ፦ በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

መጠጥ ማቆም የሚፈልግ ሰው በአሜሪካ ትልልቅ ከተሞች የድጋፍ ቡድን ለማግኘት ብዙ አይቸገርም። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሚኒያፖሊስም ሆነ በሲያትል ከማለዳ እስከ ምሽት የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ። የእኛን ሰው የሚያስቸግረው በሩን አልፎ መግባትና፣ ከዚያም በላይ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተመልሶ መሄድ ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ የፍለጋውን መንገድ በአጭሩ ካሳየ በኋላ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው አማርኛ ተናጋሪው በሩ ላይ ለሚያመነታባቸው ጉዳዮች ነው፤ እነርሱም ሰው ያየኛል የሚለው ስጋት፣ ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ የኢሚግሬሽን ጉዳይ፣ እንዲሁም ከስብሰባው ወጥቶ የሚመለስበት የሰርግ፣ የለቅሶና የማኅበር ኑሮ ናቸው።

ከቡድኖቹ ሁሉ በስፋት የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ የተመሠረተው በ1935 በኦሃዮ ግዛት በአክረን ከተማ ነው። መሥራቾቹ ቢል ዊልሰን የተባለ በአክሲዮን ገበያ ይሠራ የነበረ ሰውና ቦብ ስሚዝ የተባለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ሲሆኑ፣ ሁለቱም በመጠጥ የተጎዱ ነበሩ። የተገነዘቡት ነገር ቀላል ነበር፤ በመጠጥ የተቸገረ ሰው ሌላውን ብጤውን ሲረዳ እርሱ ራሱም ሳይጠጣ ይውላል። ዛሬም የቡድኑ ሥራ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ውጤቱን ለሚጠራጠር ሰው፣ በ2020 የወጣውና ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች የመረመረው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ተቋም) ግምገማ፣ ሰዎችን በሥርዓት ወደ ኤኤ የሚያስገባ ሕክምና መጠጥን ፈጽሞ በማቆም ረገድ ከሌሎች የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች እንደማያንስ፣ በአንዳንድ መለኪያም እንደሚበልጥ አሳይቷል።

ከስብሰባው በፊት ሐኪም

ይህን ክፍል ማንም ሳያነበው እንዲያልፍ አልፈልግም። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ሊታመም፣ አንዳንዴም ሕይወቱ ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና ጭንቀት ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ይጀምራሉ፤ የሚጥል በሽታ የሚመስል መንፈራገጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሊከሰት ይችላል፤ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ደግሞ የአእምሮ መደናገር፣ የሌለ ነገር ማየትና ከፍተኛ ትኩሳት የሚታይበት ጠንካራ ሕመም ሊመጣ ይችላል። ጠዋት የእጅዎን መንቀጥቀጥ ለማስቆም የሚጠጡ ከሆነ ወይም ከዚህ በፊት ለማቆም ሲሞክሩ ተንፈራግጠው ከሆነ፣ በራስዎ ፈቃድ በአንድ ጊዜ አያቁሙ። አስቀድመው ሐኪም ያነጋግሩ፤ ምልክቶቹ ከበረቱ በ911 ይደውሉ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ሕመሙን የሚያበርድ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 የሚሰጡት እዚያ ነው፤ የድጋፍ ቡድን ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሐኪሙ ጋ ሲቀርቡ እንግሊዝኛዎ የማያስተማምን ከሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማንኛውም ሆስፒታልና ክሊኒክ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጅዎን ወይም የትዳር ጓደኛዎን አስተርጓሚ አድርገው ይዘው አይሂዱ፤ ልጅ ባለበት የሚጠጣውን መጠን በትክክል የሚናገር አባት ብዙ አይገኝም።

የትኛው ቡድን ይስማማኛል?

ኤኤ አባል ለመሆን የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጠጥ ለማቆም መፈለግ። መመዝገቢያ ቅጽና የአባልነት ክፍያ የለውም። እንደ ዕድር ስም እየተጠራ የቀረ አይቀጣበትም፤ ለወር የጠፋ ሰው ሲመለስ የሚቀበለው ሰላምታ ትናንት ከነበረው ሰው ሰላምታ አይለይም።

በኤኤ እንደተለመደው በመንፈሳዊ ቋንቋ መነጋገር የማይመቸው ሰው ስማርት ሪከቨሪ የተባለውን መሞከር ይችላል። ይህ ድርጅት በ1994 የተቋቋመ ሲሆን፣ ስብሰባዎቹን የሚመራው የሠለጠነ አወያይ ነው፤ ትኩረቱም የመጠጥ አምሮትን በሚቀሰቅሱ ሐሳቦችና ልማዶች ላይ በመሥራት ላይ ነው። በኤኤ ውስጥም የሴቶች ብቻ የሆኑ ስብሰባዎች አሉ። በእኛ ኅብረተሰብ የምትጠጣ ሴት የሚደርስባት ነቀፋ ከወንዱ እጅግ የከበደ ስለሆነ፣ ለእኅቶቻችን የመጀመሪያውን ቀን በሴቶች ስብሰባ እንዲጀምሩ እመክራለሁ።

ዝርዝሩን ሲያዩ አንድ ልዩነት ያስተውሉ። ‹ኦፕን› የተባለው ስብሰባ ለማንም ክፍት ስለሆነ ወንድምዎን ወይም ባለቤትዎን ይዘው መግባት ይችላሉ፤ ‹ክሎዝድ› የተባለው ግን መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ነው። ‹ቢጊነርስ› የሚል ካዩ ለጀማሪዎች የተዘጋጀ ማለት ነው። ‹ስፒከር› በሚባለው አንድ ሰው ታሪኩን ሲናገር ሌሎቹ ያዳምጣሉ፤ እንግሊዝኛ የሚከብደው ወይም መናገር የሚፈራ ሰው ከዚህ ቢጀምር ይቀለዋል።

አድራሻውን ማግኘት

ቀላሉ መንገድ ‹ሚቲንግ ጋይድ› የተባለውን የኤኤ መተግበሪያ በስልክዎ ላይ መጫን ነው፤ ነጻ ነው፣ ስምዎንም አይጠይቅም፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና በአቅራቢያዎ ያለውን ቦታ ያሳይዎታል። ከሰው ጋር መነጋገር የሚመርጡ ከሆነ በየከተማው ‹ኢንተርግሩፕ› የሚባል የቡድኖቹ ማስተባበሪያ ቢሮ አለ። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖች ይህ ቢሮ ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ አሶሲዬሽን ይባላል። ሲደውሉ ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ መኖሩንና፣ በመጀመሪያው ቀን በር ላይ የሚቀበልዎ ሰው ሊመድቡልዎ መቻላቸውን። ሁለተኛው ጥያቄ የተለመደ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከቡድን በተጨማሪ የሕክምና ተቋም የሚፈልጉ ከሆነ 1-800-662-4357 ቀንና ሌሊት የሚሠራ የፌዴራል መንግሥት ነጻ መስመር ነው።

በሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ፣ ኡበርና ታክሲ የሚነዱ ወይም የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ ወገኖች ጊዜ የለኝም ሲሉ ይሰማል። በብዙ ከተሞች ከሥራ በፊት በማለዳ፣ በምሳ ሰዓትና ከምሽቱ አራት ሰዓት አካባቢ የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ፤ በዙም የሚደረጉት ደግሞ ሃያ አራት ሰዓት አይቋረጡም። የዙሙ ስብሰባ መጀመሪያ ላይ ድፍረት ለማግኘት ይረዳል፤ ካሜራውን ዘግቶ ማዳመጥ ይቻላልና። ይሁን እንጂ በዚያ ብቻ የሚቀር ሰው ስልኩን ዘግቶ የሚጠፋበት ጊዜ ቅርብ ስለሆነ፣ በአካል መገናኘትን ቶሎ ቢጀምር ይሻላል።

‹የማውቀው ሰው ቢያየኝስ?›

ከሁሉም የከበደው ጥያቄ ይህ ነው፤ በዋሽንግተን ዙሪያ ባሉት በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ አበሻ ሳያጋጥመው የሚውል ሰው ስለሌለ፣ ፍርሃቱም መሠረት የለውም አይባልም። መልሱ ሁለት ገጽ አለው። አንደኛው ተግባራዊ ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ከሚኖሩበትና ከሚያስቀድሱበት ወይም ከሚሰግዱበት አካባቢ ግማሽ ሰዓት ያህል ርቀው መሰብሰብ ይችላሉ። የአባት ስም አይጠየቅም፤ በመጀመሪያ ስም ብቻ መጠራት ልማድ ነው። ስምዎ በቀላሉ የሚያሳውቅዎ ከሆነ በሌላ ስም መጠራትም ማንንም አያስቀይምም።

ሁለተኛው ገጽ ብዙውን ጊዜ ይረሳል። አንድ የሚያውቁት ሰው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ካገኙት፣ እርሱም እዚያ የተገኘው እርስዎን ባመጣዎት ዓይነት ምክንያት ነው፤ የእርስዎን ምሥጢር ቢያወጣ የራሱንም ያወጣል። ‹እዚህ ያየኸውን፣ እዚህ የሰማኸውን እዚሁ ተወው› የሚለው ቃል በብዙ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል። እንዲህ ያለ ሰው ሲያጋጥም ከስብሰባው በኋላ ቀረብ ብሎ ‹እኔም አላየሁህ፣ አንተም አላየኸኝ› መባባል በቂ ነው፤ ሰዎች እንደሚተርኩት ከሆነ እንዲህ የተጀመሩ ጓደኝነቶች ጠንካሮች ናቸው።

ነገር ግን ምሥጢር መጠበቁ ልማድ እንጂ የሕግ ከለላ አለመሆኑን ማወቅ ይገባል። ለሐኪም ወይም ለሱስ ሕክምና ማዕከል የሚሰጡት ቃል በፌዴራል ሕግ የተጠበቀ ሲሆን፣ በስብሰባ ላይ የሚናገሩት ግን እንደዚያ አይደለም። ስለዚህ በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ፣ የገንዘብ ወይም የኢሚግሬሽን ችግር ካለዎት ዝርዝሩን ለጠበቃዎ ያቆዩት፤ በስብሰባው ስለ መጠጡና ስለ ራስዎ ብቻ ይናገሩ።

ኢሚግሬሽንን በተመለከተ የሚናፈሰው ወሬ ብዙዎችን ከበሩ ይመልሳል። ኤኤ የአባላት ዝርዝር አይዝም፤ ለማንኛውም መሥሪያ ቤትም ስም አያስተላልፍም። የዜግነት አመልካችን ጉዳይ ሊያበላሽ የሚችለው ጠጥቶ በማሽከርከር መከሰስና መሰል መዝገብ ነው፤ ሕጉም ልማደኛ ሰካራም የሆነን ሰው የመልካም ጠባይ መስፈርት አያሟላም ይላል። ከመጠጥ ለመላቀቅ መሞከር ግን በሕጉ ዓይን ነውር አይደለም። ፍርድ ቤት ስብሰባ እንዲሄዱ አዝዞዎት ከሆነ ወረቀቱን ይዘው ይምጡና ከመጀመሩ በፊት ለሰብሳቢው ይስጡ፤ በአብዛኛው ቡድን መጨረሻ ላይ ይፈርሙልዎታል። ተገደው በመምጣትዎ ማንም ዝቅ አድርጎ አያይዎትም፤ ከክፍሉ ውስጥ በዚህ መንገድ የመጡት ጥቂቶች አይደሉም።

የመጀመሪያው ቀን

አሥር ደቂቃ ቀደም ብለው ይድረሱ። ቦታው ብዙውን ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ወይም አዳራሽ ነው፤ ቡድኑ ክፍሉን ይከራያል እንጂ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አካል አይደለም። በር ላይ ቡና ይኖራል፤ ከእኛው ቡና ጋር ባያወዳድሩት ይሻላል፣ ነገር ግን ጽዋው እጅን የሚያሳርፍበት ስለሆነ ይቅዱ። ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መሃል ይቀመጡ፤ በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ልቡ ውጭ ነው።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሰብሳቢው ስለ ቡድኑ ምንነት አጭር ጽሑፍ ያነባል፣ ‹የእርጋታ ጸሎት› የሚባለው በኅብረት ይነበባል፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ አባላት ደረጃ በደረጃ የሚከተሏቸው አሥራ ሁለቱ እርምጃዎች ይነበባሉ። ከዚያ አዲስ የመጣ ሰው መኖሩ ይጠየቃል። እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ካወጡ ስምዎን ብቻ ይናገራሉ፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ስምዎን ጠርተው ሰላም ይሉዎታል። ሌሎቹ ከስማቸው ቀጥለው ‹አልኮሆሊክ ነኝ› ሲሉ ይሰማሉ፤ እርስዎ ግን ያላመኑበትን ቃል መናገር የለብዎትም። ተራው ደርሶዎት መናገር ካልፈለጉ ‹አይ ዊል ጀስት ሊስን ቱዴይ› ይበሉ፤ ዛሬ ማዳመጥ ብቻ እፈልጋለሁ ማለት ነው፣ ማንም ለምን አይልዎትም።

ለእኛ ሰው እንግዳ የሚሆነው ከንግግሩ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። በእኛ ልማድ አንድ ሰው ጭንቀቱን ሲያወራ ሰሚው አይዞህ ይላል፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል፣ የሌላ ሰው ታሪክ ይጨምራል። እዚህ ግን አንዱ ሦስት ወይም አምስት ደቂቃ ተናግሮ ሲጨርስ አመስግነውት ወደ ቀጣዩ ያልፋሉ፤ መልስ መስጠትና መተቸት በብዙ ቡድኖች ክልክል ነው። ይህን እንደ ቸልታ አይቁጠሩት። ሰው እንደማይፈረድበትና እንደማይመከር እርግጠኛ ሲሆን በቤቱ ያልተናገረውን ይናገራል፤ ሥርዓቱ የተበጀው ለዚህ ነው።

በመሃል ቅርጫት ይዞራል፤ አባላት ለክፍሉ ኪራይና ለቡናው አንድ ወይም ሁለት ዶላር ይጥላሉ፣ ከአዲስ ሰው ግን አይጠበቅም። ሳይጠጡ 24 ሰዓት፣ 30 ቀን፣ አንድ ዓመት ለቆዩ ሰዎች ትንሽ የማስታወሻ ሳንቲም የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ስብሰባው የሚዘጋው ብዙ ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዞ በሚደረግ ጸሎት ነው፤ ‹አባታችን ሆይ› የሚሉ ቡድኖች ስላሉ ሙስሊም ወገኖች ወይም የማይጸልይ ሰው ዝም ብሎ መቆም ወይም ከክቡ መውጣት ይችላል። ዕለቱን ጠጥተው ቢሆንም እንኳ መምጣት አይከለከልም፤ በጸጥታ ይቀመጡ፣ ነገር ግን መኪና እንዳይነዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት

በአንድ ስብሰባ አይፍረዱ። ቡድኖች እንደ ሰዎቻቸው ይለያያሉ፤ አንዱ ጋ ሽማግሌዎች ሲበዙ ሌላው ጋ ወጣቶች ይበዛሉ፣ አንዱ ሲጸልይ ሌላው ይስቃል። ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያዩ ቦታዎችን ሳያዩ አልተስማማኝም አይበሉ። የነባሮቹ የቆየ ምክር በመጀመሪያዎቹ ዘጠና ቀናት ዘጠና ስብሰባ መሄድ ነው፤ ለሠራተኛ ሰው ከባድ ቢመስልም፣ ለመጠጥ ይውል የነበረው ሰዓት ከዚህ እንደማያንስ ማስላት ይቻላል።

ከስብሰባው በኋላ ቶሎ አይውጡ። እውነተኛው መደጋገፍ የሚጀምረው ወንበር ሲታጠፍ ነው። ስልክ ቁጥር ይጠይቁ፤ ወንድ ከወንድ፣ ሴት ከሴት። መጠጥ ሲያምርዎ ከመጠጣትዎ በፊት ለመደወል ነውና፣ አንድ ቀን ምንም ሳይሆኑ ደውለው ቢለማመዱት በክፉ ቀን እጅዎ አይፈራም።

ቀጥሎ ‹ስፖንሰር› የሚባለውን፣ ማለትም በእርምጃዎቹ የሚመራዎትን ነባር አባል ይፈልጋሉ። ይህ ሰው ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይጠጣ የቆየ፣ በእርምጃዎቹ ያለፈ፣ ጾታው ከእርስዎ ጋር አንድ የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ዘመድዎን፣ አሠሪዎን ወይም ቤት ያከራየዎትን ሰው አያድርጉ። ገንዘብ አያበድሩ፣ አይበደሩም። አዲስ መጪዋን ሴት በርኅራኄ ስም የሚቀርብ ወንድ በማንኛውም ክፍል ሊኖር ስለሚችል፣ ከነባሮቹ ሴቶች ጋር መቀመጥ ጥበቃ ይሆናል። ሐኪም ያዘዘልዎትን መድኃኒት፣ የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሰውን ናልትሬክሰንም ሆነ የድብርት መድኃኒት፣ አቁም የሚልዎትን አባል አይስሙት፤ ኤኤ ራሱ አባላት ሐኪም እንዳይሆኑ ይመክራል።

እምነትና ድግስ

እርምጃዎቹ ስለ አምላክ ሲያነሱ ‹እኛ እንደተረዳነው› የሚል ቃል ይጨምራሉ። ስለዚህ ኦርቶዶክሱ ከነጾሙና ከነንስሐ አባቱ፣ ሙስሊሙም ከነሶላቱ ሊሳተፍ ይችላል፤ እምነት እንዲቀይር የሚጠይቀው የለም። ጠበል ለመጠመቅ የሚያስብ ሰውም ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይችላል፤ ነገር ግን በየቀኑ ሲጠጣ የቆየ ሰው ጠበል ቦታ ሄዶ በድንገት ሲያቆም ከላይ የተገለጸው ሕመም እዚያም ስለሚያገኘው፣ ሐኪም ማየቱ ይቅደም። አገር ቤት ያለ ዘመድዎ ከሆነ የተቸገረው፣ አዲስ አበባ ላይ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል መነሻ ይሆኑታል።

ብዙዎቻችን ‹ሱሰኛ አይደለሁም፣ በዐቢይ ጾም አቆማለሁ› እንላለን። ኀምሳ አምስት ቀን ማቆም መቻል ያስመሰግናል፤ ነገሩን የሚለየው ግን የፋሲካ ዕለት የሚሆነው ነው። አንድ ብሎ የጀመረ ሰው በማግሥቱ የት እንዳደረ የማያውቅ ከሆነ፣ ጾሙ ያሳየው ማቆም እንደሚችል ሳይሆን ከጀመረ ማቆም እንደማይችል ነው። ለዚህም የበዓሉን ሳምንት ስብሰባዎች አስቀድመው በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይመዝግቡ።

ሰርግ ሲጠሩ በራስዎ መኪና ይሂዱ፣ ዘግይተው ገብተው ቀድመው ይውጡ፣ ገና ሲገቡ አምቦ ውሃ ወይም ለስላሳ ይያዙ፤ ባዶ እጅ ያለው ሰው ይቀዳለታል። ብርዝም ሰንብቶ ሲፈላ አልኮል ስለሚኖረው አይመኑት። ‹በሞቴ፣ አንድ ብቻ› ለሚል ሰው ‹ሐኪም ከልክሎኛል› ማለት በቂ ነው፤ ታሪክዎን ለአስተናጋጁ መናዘዝ የለብዎትም። ከቤተሰብ አንድ ሰው ግን እውነቱን ይወቅ። የትዳር ጓደኛዎም በ1951 የተመሠረተውንና ለጠጪ ቤተሰቦች የተዘጋጀውን አል-አኖንን ቢያውቀው ይጠቅማል፤ በዚያ የሚነገረው ስለ ጠጪው ሳይሆን ስለ ራስ ነው።

ቢያገረሽብዎ ለመመለስ ቀን አይቁጠሩ፤ በማግሥቱ ይሂዱ፣ ከቀድሞው ወንበር ይቀመጡ።

በአማርኛ ቡድን ለመጀመር

እንግሊዝኛ ቢያውቁም እንኳ ጥልቁን ነገር በአማርኛ ካልሆነ መናገር የማይችሉ ሰዎች አሉ። በኤኤ ልማድ ላለመጠጣት የሚገናኙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ቡድን ተብለው ሊጠሩ ይችላሉ፤ ግዴታው ቡድኑ የሌላ ድርጅት ክንፍ አለመሆኑ ነው። ስለዚህ አዳራሹን ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከኮሚኒቲ ማዕከል መከራየት ይቻላል፣ በስማቸው መጠራትና በቦርዳቸው ሥር መሆን ግን አይቻልም። ከጀማሪዎቹ አንዱ ቢያንስ ዓመት የሞላው ይሁን፤ ሁሉም የቀድሞ የእንግሊዝኛ ቡድናቸውን አይተዉ። ብዙ አበሻ ከሚኖርበት ሰፈር ጥቂት የራቀ ቦታ ቢመረጥ ሰው ለመግባት ይደፍራል፤ በዙምም ቢከፈት ከሌላ ግዛትና፣ የአልኮል መጠጥ በሕግ ከተከለከለባት ከኩዌት ሳይቀር ሰው ሊገባ ይችላል። ሰዓቱና ቦታው ከተወሰነ በኋላ ለማስተባበሪያው ቢሮ ያስታውቁና፣ በዝርዝሩ ላይ ቋንቋው አማርኛ መሆኑ እንዲጻፍ ይጠይቁ።